ባህል በኪራይ

መቱ ውስጥ ሳይጠሩት የሚመጣ ሦስት ነገር አለ፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ደግሞም ስለ ባህል ብዝኃነት ሥልጠና የሚሰጥ ሰው። ዝናቡን ለምደነዋል። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይዘንብባታል፤ በዝናብ የሚወዳደራት ከተማ አገሪቱ ውስጥ ብዙ የለም፤ መቱም የእህቷን ትርፍራፊ ትቀበላለች። ጭቃውን በቦት ጫማ እንችለዋለን። ያስቸገረን ሦስተኛው ነው። አበል ስላለው እንቢ አይባልም። አበል ያለውን ነገር እንቢ የሚል ጡረተኛ ኢሉባቦር ውስጥ ካለ አሳዩኝና ጉልበቱን ልሳም።

በቀደም እኔም “የአገር ሽማግሌ” ተብዬ ተጠራሁ። ሰማንያን ከተሻገርኩ ወዲያ ሠልጣኝ ሆንኩላችሁ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ እግር ነው፤ ነጭ ሸራ ጫማ ተጫምቷል። ነጭ ጫማ! በሐምሌ! መቱ! ስለ አካባቢው ምን ያህል አጥንቶ እንደመጣ ጫማው ነገረኝ። ገባ፤ ከፊት ረድፍ የተደረደርነውን ሽበታሞች እንደምን አደራችሁ እንኳ ሳይል ከኮምፒውተሩ ጋር ይታገል ጀመር። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ሲመለስ ልጁ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ “ዛሬ የምንማረው የሌላውን ባህል እንዴት ማክበር እንዳለብን ነው” አለ። ከዲዱ የመጡት ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “ይኼ ልጅ የማን ነው?” አሉኝ።

“የፕሮጀክት ነው” አልኳቸው።

የመጀመሪያው ምስል ላይ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር ሜይ 21፣ የዓለም የባህል ብዝኃነት ቀን እንዲሆን መወሰኑ ተጽፏል። ሁለተኛው ላይ፣ ካናዳ በ1971 እ.ኤ.አ. መድብለ ባህልን የመንግሥት ፖሊሲ አድርጋ በማወጅ ከዓለም ቀዳሚ መሆኗ። ደስ ይላል፤ ካናዳን እግዜር ይባርካት። እኔን የከነከነኝ ቀኑ ነው። ቀን የሚቆረጠው ሰው ለሚረሳው ነገር ነው። ለጉንፋን ቀን ተቆርጦለት ያውቃል? ለአማት ተቆርጦላት ያውቃል? አጥር ለአጥር የሚኖሩት ሰው፣ ጭሱ ዓይንዎ ውስጥ የሚገባ፣ ዶሮው ጎመንዎን የሚጭር፣ እሱን ለማስታወስ ከኒውዮርክ ደብዳቤ መምጣት አለበት?

ከሻይ ዕረፍት በፊት ቅጽ ታደለን። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ብሔር። ብሔር የሚለው ቦታ ከአንድ ጣት አይሰፋም። የአባቴ አባት ከተሰማ ናደው ጦር ጋር ከመንዝ የመጣ ወታደር ነው። ያገባት የሞጫ ልጅ ነች። እናቴ ከቡሬ የኦሮሞ ልጅ ናት፤ የሷ እናት ከከፋ ናት የሚሉ አሉ፣ አይደለችም የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ በየሰርጉ ይነሳል፣ እስካሁን አላለቀም። ይህን ሁሉ ወገን በአንድ ጣት ቦታ እንዴት አድርጌ ልጠቅጥቀው? “ጎሬ” ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ቅጹን ሲሰበስብ እኔ ጋ ቆም አለና፣ “አባባ፣ ጎሬ እኮ ብሔር አይደለም” አለኝ።

“ስላላየሃት ነው” አልኩት።

ዛሬ ጎሬ ለመንገደኛ ምን ናት? ወደ ጋምቤላ ሲወርድ ሾፌሩ ሻይ የሚጠጣባት ቦታ ናት። ዋና ከተማነቱም ወደ መቱ ከወረደ ቆይቷል፤ ወረደ ስል የቦታውን ከፍታ ማለቴ ነው፣ የመቱ ሰዎች አትቀየሙኝ፣ እኔም የምኖረው እዚሁ ነው። ያኔ ግን ዓለም በጎሬ በኩል ያልፍ ነበር። ራስ ተሰማ ገና ደጃዝማች ሳሉ፣ በ1890 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ልከዋቸው ጦራቸው እስከ ነጭ ዓባይ ወርዷል። ከጦሩ ጋር ፈረንሳዮች ነበሩ፤ አርታሞኖቭ የሚባል የሩስያ ኮሎኔልም ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ የፈረንሳይ ባንዲራ ውሃው መሐል ባለው ደሴት ላይ ይተከል ተባለ። ውሃው ውስጥ ገብቶ የዋኘው ግን ሩስያዊው ነው። የኢትዮጵያ ጦር፣ የፈረንሳይ ባንዲራ፣ የሩስያ ዋናተኛ። አያቴ ከዚያ ዘመቻ ይዞ የተመለሰው ወባና ይህን ወሬ ነው፤ ወባው ቶሎ ለቀቀው።

ቀጥሎ ንግዱ መጣ። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላ ከዚያ ናት የተወለደችው። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም እስከዚያ ይመጣል። ቡናው በበቅሎ ይወርዳል፣ ጨውና አቡጀዴ ይወጣል። አባቴ የዚያ መንገድ በቅሎ ነጂ ነበር፤ ከጎሬ ቡሬ፣ ከቡሬ ደግሞ ያን የጉልበት መፈተኛ ቁልቁለት። ጎሬ ላይ ግሪኩም፣ ሶሪያዊውም፣ አርመኑም ሱቅ ነበረው። እንግሊዝ ቆንስላ ከፍታ ነበር። ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ እነራስ እምሩ መንግሥቱን ይዘው የቆዩትም እዚያው ጎሬ ነው፤ ጣልያን እስኪደርስባት እስከ 1929 ዓ.ም. ኅዳር።

አባቴ ደጋግሞ የሚያጫውተኝ የአንድ ግሪክ ቡና ገዢ ነገር አለ። ሰውየው በኦሮምኛ ይከራከራል፣ በአማርኛ ይምላል፣ በግሪክ ይቆጥራል። ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ለምን ወደ ግሪክ እንደሚዞር በቅሎ ነጂዎቹ ገብቷቸዋል። ጭነቱ ሲወርድ ሁለቱ አንድ ሆኖ ቢቆጠር ማን ያውቅበታል? እና ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አልከሰሱትም፣ አልተደባደቡም፤ ቁጥሩን ተማሩ። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው፣ ከሱቁ ተላላኪ ልጅ እየጠየቁ፣ እስከ መቶ። አንድ ቀን ግሪኩ ከአርባ ሁለት በኋላ እንደገና አርባ አንድ ሊል አፉን ሲከፍት፣ አባቴ ከጆንያው ኋላ ሆኖ “ሳራንዳ ትሪያ” አለው። አርባ ሦስት ማለቱ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ አባቴን አቅፎ ቤቱ አስገብቶ አበላው። ከዚያ ወዲያ በትክክል ቆጠረ፤ ቢያንስ አባቴ ባለበት። ግሪኩ ልጁንም ለአባቴ ለክርስትና ሰጠው ይባላል፣ እሱን አላረጋገጥኩም።

የሌላውን ባህል ማወቅ የሚባለው ለኔ ይኼ ነው፤ ሰውየው ሊያጭበረብርህ ሲል በራሱ ቋንቋ መያዝ፣ ከዚያ አብሮ ምሳ መብላት። ይህን ለአሠልጣኙ ባጫውተው፣ “አባባ፣ ይኼ ለግጭት በር ይከፍታል” ብሎ ወደ ሚቀጥለው ምስል አለፈ።

ወደ ቡና ልምጣ፤ እዚህ አገር ነገር ሁሉ የሚፈላው ቡና ላይ ነው። ያዮ ያለው ጫካ፣ ቡናው ሰው ሳይተክለው ከዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዩኔስኮ ጫካውን መዘገበ እንጂ ጠጪውን አልመዘገበም። ጠጪውን ቢመዘግብ ኖሮ መዝገቡ ባላለቀለት። ይህ ቡና እንዴት ይጠጣል በሚለው የእኛ ሰፈር ዕድር ለጥቂት ሳይፈርስ ቀርቷል።

እኛ የቆየነው ቡናን በጨው ነው የምንጠጣው። ለክብር ደግሞ ቡና ቀላ አለ። ላላየው ልንገር፤ ከነገለባው የደረቀው ቡና እሳት ላይ እንዳይፈነዳ የእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ በጥርስ ንክስ ይደረጋል። አንድ በአንድ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ወሬ እያወሩ ይነክሱታል፤ የሰው ስም ከፍሬው ጋር አብሮ ይነከሳል። ከዚያ በሸክላው ላይ ቅቤ ይቀልጣል፣ ፍሬው ይገባል፣ ይንሿሿል፣ ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። ቅቤው ግንባር ይቀባበታል፣ ፍሬው ይቆረጠማል። ከእኔ ቤት ኪራይ የያዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ ቀን ቆሎ መስሏቸው በእፍኝ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። እስከ ንጋት ዓይናቸው አልተከደነም፤ ለፈተና አጥንተው አደሩ። በማግሥቱ “አባባ፣ ያ ነገር ይሸጣል?” አሉኝ።

የወሎ ሴቶች በበኩላቸው ጤና አዳም ካልገባበት ቡናው ቡና አይመስላቸውም። ከዚያ ዕጣኑ፣ ከዚያ ምርቃቱ፤ አቦል አልፎ ቶና አልፎ በረካ እስኪደርስ የሟቹ ሣልስት ይደርሳል። ከጨዋቃ በኩል መጥተው ሰፈራችን የገቡት ሐረርጌዎች የቡናውን ገለባ በወተት ያፈሉታል፤ ሆጃ ይሉታል። እኛ አውጥተን የምንደፋውን ገለባ! ተማሪዎቹ ደግሞ ስኳር በላይ በላዩ ይከምሩበታል፤ ስኒው ውስጥ ቡና የሚገባበት ቦታ ሲጠፋ ስኒው አነሰ ይላሉ።

ጠቡ የተነሳው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። አንዲት የወሎ እናት የተቀዳላትን ቀመሰችና ጨው ሆነባት። ሐዘን ነው፣ ያላሰበችው ገብቶባት ነው ብላ ዝም አለች። ሁለተኛውም ጨው። ይኼኔ ለቀጂዋ በደግነት፣ “እኅቴ፣ ስኳርሽ አልቆ እንደሆነ ከቤቴ ላስመጣልሽ” አለቻት። ቀጂዋ ፊቷ ተለወጠ። አያቷ ከጋምቤላ ጨው ተሸክመው ያንን ዳገት የወጡ ሰው ናቸው፤ ጨው ያለው ቤት ማለት ያለው ቤት ማለት ነበር። ለክብር የሰጠችውን ለእጦት ሲቆጥሩባት ዘሯ የተሰደበ መሰላት። ጀበናው ተነሳ። ጎራ ተለየ። ሟቹ ተረሳ። የሟቹ ወንድም ተነስቶ፣ “እባካችሁ፣ ወንድሜ እኮ ጠላ ነበር የሚጠጣው” ብሎ ነው ያበረደው።

የዕድሩ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ በእጄ ጽሕፈት አለ። ጨውና ስኳር ለየብቻ በየሳህኑ ይቅረብ፤ ማንም ለሌላው ስኒ ውስጥ አይጨምር። ጤና አዳም የሚፈልግ ከጓሮው ቆርጦ ይምጣ። ሆጃ የሚያፈላ ወተቱን ራሱ ይቻል። ምርቃት ይፍጠን። ቡና ቀላ ላይ አስተያየት አይሰጥም። ገንዘብ ያዡ ተቃወመ፣ ድምፅ ተሰጠበት፤ በአብላጫ አለፈ። እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። ካናዳ ከፈለገች ኮፒ አደርግላታለሁ፤ የኮፒውን ሒሳብ ትክፈል።

ወሎዎቹ እንዴት እዚህ እንደደረሱ የዛሬ ልጅ አያውቅም። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ ደርግ ከወሎና ከትግራይ ሰው እየጫነ ወደ ምዕራብ አወረደ፤ በጠቅላላው ወደ 600,000 ሰው። ሁሉም ወዶ አልመጣም። እህል ሊቀበል ወጥቶ ተጭኖ የመጣ አለ፣ ከቤተሰቡ እንደተለያየ የቀረ አለ፣ ወባ የጨረሰው አለ። ይህን ስናገር አልቀልድም። እኛ ጋ ብዙዎቹ የመጡት “ስግሰጋ” በተባለው ነው፤ በነባሩ ገበሬ መሐል መሐል ጎጆ ይቀለስና ቤተሰብ ይሰገሰጋል። ጎጆውን የሠራነው እኛው ነን፤ እንግዳ ተቀባይነታችን በሊቀ መንበሩ ትእዛዝ ነበር። ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከተማሪዎቼ ጋር በዝናብ ሣር ተሸክሜያለሁ፣ ወገቤ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

የመጀመሪያው ቀን ጎደሬ ቀቅለን አቀረብንላቸው። የቀረበለት የየጁ ሰው አንዱን ብድግ አድርጎ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ ከዚያ በትሕትና፣ “ይኼ የምን እግር ነው?” አለ። እኛ ተቀየምን። ኋላ ሲያስቡት ግን ሰውየው እውነቱን ነው፤ ያልተላጠ ጎደሬ የጥጃ ሰኮና ይመስላል። ዛሬ ያ ሰው ያለ ጎደሬ አይውልም፤ የእኔን ጎደሬ “ውሃ የበዛበት ነው” እያለ ያንቋሽሻል። በቆሎውን ከርከሮና ዝንጀሮ ሲጨርስበት ማማ ሠርቶ መጠበቅን ያስተማርነው እኛ ነን። እሱ ደግሞ ልቅሶ ላይ ሲያለቅስ አገር ያስለቅሳል። እኛ ኢሉዎች ሐዘን ውስጣችን የሚቀር ሰዎች ነን፤ አሁን ሰው ሲሞትብን “እሱን ጥሩልን” እንላለን። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እሱ ቀረ። ለምን እንደቀረ ስጠይቀው “ጎደሬው ገና መሬት ውስጥ ነበር” አለኝ።

ሲንጋፖር የምትባለው አገርም የራሷ ስግሰጋ አላት። በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ በየመንግሥት ሕንፃው ቻይናው፣ ማላዩና ሕንዱ ከተወሰነለት ድርሻ እንዳያልፍ አደረገች፤ ማንም ተሰብስቦ የራሱን ሰፈር እንዳያበጅ። ተማሪዎቼን ጂኦግራፊ ሳስተምር ይህን ብነግራቸው “ታዲያ ከእኛ በምን ይለያል?” አሉኝ። እነሱ ቤቱን ፈልገው ተመዝግበው ነው የሚገቡት አልኳቸው። ደግሞም ሊፍት አለው።

በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ሐረርጌዎቹ ጨዋቃ ሰፈሩ። ይኼ እንኳ ቀላል ነው፣ ኦሮሞ ለኦሮሞ ነው፣ ቋንቋው አንድ ነው ተባለ። ቋንቋው አንድ ነው፣ ፍጥነቱ ነው ሁለት። የኢሉ ሰው ገበያ ላይ ሰላምታ ሲጀምር የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የንቡን፣ የዝናቡን ደኅንነት ጠይቆ ገና ወደ ጉዳዩ ሊገባ ሲል፣ ሐረርጌው ዋጋውን ጨርሶ፣ ከፍሎ፣ መልሱን ተቀብሎ፣ ጫቱን ዘርግቶ ተቀምጧል። “ሊያጣድፈን መጣ” አልን። እነሱ “እነዚህ ሰዎች አሞአቸዋል እንዴ?” አሉ። እነሱ ናቸው ጨዋቃን የሩዝ አገር ያደረጓት። ሩዝ ማለት ለኛ የበሽተኛ ምግብ ነበር፤ አሁን ባለቤቴ በሳምንት ሁለቴ ታቀርበዋለች፣ እኔም ሁለቴ አማርራለሁ፣ ሁለቴም ሳህኑን እጠርጋለሁ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል የኖረ ሰው ኅዳር 29 ሲመጣ አዳራሽ ይጠራል። የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ዕለት። በዓሉን አልጠላሁም። የሚገርመኝ ልብሱ ነው። ልጆቹ ከሚያከራይ ቤት አምጥተው ይለብሳሉ፤ አንዱ ጎፋ ይሆናል፣ አንዷ አፋር ትሆናለች፣ ሙዚቃው ይመታል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ማታ ልብሱ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ቅጣት አለው። ባህሉ በሰዓት ነው የሚታሰበው።

አንዱን ልጅ መድረክ ጀርባ አገኘሁት፤ አንገቱ ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ዶቃ እስከ ደረቱ ደርድሯል። “ምንድን ነው ይኼ?” አልኩት።

“የጋምቤላ ባህላዊ ጌጥ ነው፣ አባባ።”

“ዲሙይ ነው እያልከኝ ነው?”

“ምን?”

እንዴት አልቆጣም! ዲሙይ የአኙዋ ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ ነው። ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል፤ ሚስት የሚያገቡበት ጥሎሽ ነው። ዛሬ ገንዘቡ እየገባበት ቢመጣም የዱሮ ሰው ዲሙይ ያለውን ቤት ያውቀዋል። አባቴ ጋምቤላ ሲወርድ በቅሎ ጠፍቶ ተገኝቶ ያውቃል፣ ዲሙይ ጠፍቶ ግን አገር ይታመሳል። እና ይኼ ልጅ የስንት ሴት ጥሎሽ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ዳንስ ሊወርድ ነው! “ጋምቤላ ሄደህ ታውቃለህ?” አልኩት። ስልኩን አወጣ። ቲክቶክ ላይ አይቷታል። ጠዋት ተሳፍሮ ጎሬን፣ ቡሬን አልፎ ቢወርድ ለምሳ የሚደርስባትን አገር በስልክ አያት! ደግሞ በምሳ ሰዓት የባሮ ዓሣ ይደርስለት ነበር።

ይህ አመል የመቱ ብቻ አይደለም። ሚኒሶታ ያለችው የልጅ ልጄ ደወለችልኝ፤ ትምህርት ቤቷ “የባህል ምሽት” አለው፤ ባንዲራ፣ ልብስና ምግብ ይዛችሁ ኑ ተብለዋል። ምን ልልበስ ትለኛለች።

“ጎረቤትሽ ማን ነው?” አልኳት።

“በዚህ በኩል ሶማሌዎች፤ በዚያ በኩል ሞንግ የሚባሉ፣ ከላኦስ የመጡ።”

“ምን ይበላሉ?”

“እኔ ምን አውቄ አያቴ!”

“ልብሱን ተዪው። ሂጂና ጨው ተበደሪ።”

“እዚህ አገር የሰው በር አይንኳኳም እኮ!”

አንኳኪ አልኳት። በሳምንቱ ደወለች። ጨው ብትጠይቅ አሮጊቷ የዓሣ መረቅ በጠርሙስ ሰጥታታለች፤ እነሱ ወጥ ላይ በጨው ፈንታ የሚጨምሩት እሱን ነው። እናቷ ሽሮ ላይ ጨመረችው። ቤቱ ለሁለት ቀን ሸተተ፤ ልጅቷ ግን ጠርሙሱን ልትመልስ ሄዳ አመሸች። ከበዓሉ ይኼ ይሻላል፤ ሽሮው ይቅር እንጂ።

የውጭውን ሰው ካነሳሁ፣ ሆስፒታላችን በስሙ የሚጠራውን ካርልን ሳላነሳ ባልፍ የመቱ ሰው ይፈርድብኛል። ካርልሃይንዝ በም ተዋናይ ነበር፤ “ሲሲ” በተባሉት ፊልሞች የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ ነው ዝና ያገኘው። በ1981 እ.ኤ.አ. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንዳንድ ማርክ ለአፍሪካ ረሃብተኛ አያዋጣም ብሎ ተወራረደ። ውርርዱን ረታ፤ ሲሶው አላዋጣም። ያዋጣው ገንዘብ ግን ሥራ አስጀመረው፤ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት በዚያ ቆመ። መጀመሪያ ሐረርጌ ኤረር ሸለቆ፣ ኋላ እኛም ጋ። ኢትዮጵያዊት አገባ፣ የክብር ዜግነት ተሰጠው፣ በ2006 ዓ.ም. አረፈ። የንጉሠ ነገሥት ልብስ ለብሶ የኖረ ሰው እኛ ጋ ሲመጣ ስለ ልብሳችን አልጠየቀንም፤ ውሃ ከየት እንደምንቀዳ ነው የጠየቀው። አሠልጣኞችን የሚያሠለጥን ካለ ይህን ይንገርልኝ።

ደግሞ አሁን ይባስ ብሎ ሥራ መጣብኝ። የዚያ የጎደሬው ሰውዬ የመጨረሻ ልጅ፣ እዚሁ መቱ የተወለደችው፣ ልታገባ ነው። ባልየው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የአኙዋ ልጅ ነው፤ ቁመቱ በእኔ በር አይገባም፣ ትሕትናው ግን ጎንበስ ያደርገዋል። ሽማግሌ እኔ ነኝ ተባለ፤ በሁለቱም ወገን! ያለኔ ሰው የጠፋ ይመስል። የሃይማኖቱን ነገር ቄሱና ፓስተሩ ይነጋገሩበት ብዬ ትቼዋለሁ፤ የእኔ ድርሻ ጥሎሹ ነው።

አባትየው “ልጄን በዶቃ?” ብሎ ተነሳ። እነሱ ዘንድ ሁለቱም ወላጆች ለጎጆ መውጫ እኩል ይጥላሉ እንጂ ሴት ልጅ የሚያስቆጥር ነገር የለም። የልጁ አጎት ደግሞ ከጋምቤላ የመጡ ጎምቱ ሰው ናቸው፤ ዶቃው አይፈለግም ሲባሉ ዝም አሉ። እኔ ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ጨው አቅርባ ስኳር የተባለችው ሴትዮ ዝምታ ነው። ያመጡት ከእናታቸው ሠርግ የተረፈ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ፣ እፍኝ የማይሞላ፤ ከፕላስቲኩ የሚለየው ክብደቱ ነው፤ ሰማያዊነቱም ፈዘዝ ያለ፣ አንዳንዱ ጠርዙ የተሸረፈ። “እጅዎ ላይ አድርገው ይዩት” ብዬ አባትየው መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት። መዝኖ አየው። “በኛ አገር ይኼ ጥሎሽ አይባልም” አለ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ግን ነው። “ምን ይባላል?” ብዬ ያዝኩት። “እንጃ... ለልጅቱ አደራ ቢባል” አለ። አጎትየው ልጁን በአኙዋ ጠየቁት፣ ልጁ መለሰላቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ጥሎሽ እንደሰጡ፣ እሱ አደራ እንደተቀበለ፣ ሁሉም እንዳሸነፈ አድርገን ጻፍነው። በቃለ ጉባኤ መጻፍ የለመደ እጅ ይጠቅማል።

የቀረው ምሳው ነው። ቅዳሜ ሁለቱም ወገን እቤቴ ይበላሉ፤ እንግዲህ የማነው ጥፋት፣ ቀኑን የቆረጡት ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ መሐል ነው። ወሎዎቹ ይጾማሉ። ለጋምቤላዎቹ ዓሣ እናቅርብ አልኩ። ባለቤቴ፣ “ዓሣ በፍልሰታ ይበላል ወይስ አይበላም?” የሚለውን ጥያቄ ከፈተች። እኔ ይበላል አልኩ። ጎረቤት አይበላም አለች። ተከራይ ተማሪዎቹ ደግሞ በየአገራቸው የየራሳቸው ደንብ አላቸውና አራቱም ተናገሩ። ባለቤቴ ቄሱን አስጠራች፤ ይህን የምጽፈው በረንዳ ላይ ሆኜ ነው፤ እሳቸው ገና አልጨረሱም፣ ሩዙም እየበረደ ነው።